የጦር አጋር ለሽንፈት ያበረከተውን ድርሻ እንዴት መመርመር ይቻላል?

አንድ አገር ጦርነት በተሸነፈ ማግስት ሁለት ማብራሪያዎች ይነሣሉ። አንደኛው «አጋሮቻችን ከዱን» ይላል፤ ሌላኛው «አጋር ኖረም አልኖረም መሸነፋችን አይቀርም ነበር» ይላል። ሁለቱም ሰነድ ሳይገለጥ የሚሰጡ ፍርዶች ናቸው። ይህ መመሪያ ለጥናት ወረቀት፣ ለመጽሔት ጽሑፍ ወይም ለክፍል ውይይት አንድን ሽንፈት የሚመረምር ሰው የጥምረቱን ድርሻ ከሌሎቹ ምክንያቶች ነጥሎ የሚያወጣበትን አሠራር ያሳያል።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። የአጋር ደካማነት ወይም ከዳተኛነት ብቻውን አገር አያሸንፍም። አደጋው የሚጀምረው ዕቅድ አውጪዎች በሌላው እጅ ያለውን ኃይል በራሳቸው መዝገብ ላይ ሲያሰፍሩት ነው። የምትፈልጉት እንግዲህ ያ የተሳሳተ ሂሳብ የተጻፈበትን መስመር ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሽንፈቱ የተወሰነበትን ቀን ለዩ

የተኩስ አቁሙ ውል የተፈረመበት ቀን ሽንፈቱ የተወሰነበት ቀን አይደለም። መፈለግ ያለበት ተሸናፊው ከዚያ በኋላ ሊያሸንፍ የማይችልበት ጊዜና ቦታ ነው። ይህን ካልለያችሁ ከዚያ ቀን በኋላ የመጣ የአጋር ክዳት የሽንፈቱ ምክንያት መስሎ ይታያችኋል፤ የብዙ ጽሑፍ ስሕተት እዚህ ላይ ይጀምራል።

የ1918ቱን የጀርመን ሽንፈት ውሰዱ። ቡልጋሪያ ሴፕቴምበር 29 ተሰሎንቄ ላይ የተኩስ አቁም ፈረመች፤ የኦቶማን መንግሥት ኦክቶበር 30፣ ኦስትሪያ-ሃንጋሪ ኖቬምበር 3፣ ጀርመን ራሷ ኖቬምበር 11 ተከተሉ። ቀኖቹን ብቻ ደርድሮ የሚያነብ ሰው «አጋሮቹ ሲወድቁ ጀርመን ወደቀች» ይላል። ነገር ግን የጀርመን ጦር በምዕራብ ግንባር ከኦገስት 8 የአሚየን ውጊያ ጀምሮ ወደ ኋላ ሲገፋ ሰንብቷል፤ በዚያው በሴፕቴምበር 29 ደግሞ የጀርመን ምሽጎች ሰንሰለት የሆነው የሂንደንቡርግ መስመር በሳን ካንታን ቦይ በኩል ተሰብሯል። የቡልጋሪያ መውደቅ ለደቡብ ግንባር የሚላክ ተጠባባቂ ጦር እንደሌለና የሩማንያ ነዳጅ እንደተጋለጠ አሳየ። የጦር አዛዦቹ «ተኩስ አቁም ጠይቁ» እንዲሉ አፋጠናቸው እንጂ የምዕራቡን ግንባር አልሰበረውም። የቀን መቁጠሪያውን በሁለት ረድፍ ጻፉት፦ በአንዱ የራስ ግንባር፣ በሌላው የአጋሮች። ከዚያ የትኛው ቀደመ ብላችሁ ጠይቁ።

ውሉን ከነአንቀጹ አንብቡ

ስለ ውሉ የተጻፈ ማጠቃለያ አይበቃም፤ አንቀጾቹን ማየት ያስፈልጋል። ግዴታው የሚነሣው በምን ሁኔታ ነው? ሁኔታው መድረሱን የሚወስነው ማን ነው? ምን ያህል ጦር፣ በስንት ቀን ውስጥ ነው ቃል የተገባው? ለብቻ ሰላም መፍጠር ተከልክሏል? ውሉ በአደባባይ የታወቀ ነው ወይስ ምስጢር? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ግን ምስጢራዊ ውል ጠላትን አስቀድሞ ሊያስፈራ አይችልም። ጠላት ሲደርስበት ደግሞ የሴራ ማስረጃ ይሆናል።

ጣልያን በ1882 ከጀርመንና ከኦስትሪያ-ሃንጋሪ ጋር በሦስትዮሽ ኪዳን ተሳሰረች። በ1914 ግን ገለልተኛ ሆነች፤ በሜይ 1915 ደግሞ ኦስትሪያን ወጋች። ይህን «ክዳት» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ውሉ ግን የመከላከያ ውል ነበር፤ ሰርቢያን ያጠቃችው ኦስትሪያ ናት። ጣልያን ትገባለች ብሎ ያሰበ ሰው ያሰበው ከውሉ ውጭ ነበር።

የተቃራኒውም ምሳሌ አለ። ጀርመን፣ ጣልያንና ጃፓን በሴፕቴምበር 1940 የፈረሙት ውል የሚያስገድደው ከፈራሚዎቹ አንዱ ሲጠቃ ነው። በዲሴምበር 1941 ያጠቃችው ጃፓን ስለነበረች ጀርመን አሜሪካን የመውጋት ግዴታ አልነበረባትም። ሂትለር ዲሴምበር 11 ጦርነት ያወጀው ውሉ ሳያስገድደው ነው። ስለዚህ «ጃፓን ጎትታ አስገባቻት» የሚለው አባባል ውሉ ሲነበብ አይቆምም፤ ውሳኔው የበርሊን ነው።

ባለ ሦስት ዓምድ መዝገብ

የምርመራው ዋና መሣሪያ ይህ ነው። ወረቀቱን በሦስት ዓምድ ክፈሉና በመጀመሪያው ቃል የተገባውን፣ በሁለተኛው የጦር ዕቅዱ የጠበቀውን፣ በሦስተኛው በጊዜው የደረሰውን ጻፉ። በተቻለ መጠን ቁጥር ተጠቀሙ፦ የክፍለ ጦር ብዛት፣ ቀን፣ መድፍ፣ ገንዘብ። «ድጋፍ ሰጠች» የሚል ቃል በመዝገቡ ውስጥ አይግባ፤ ስንት ወታደር፣ የት፣ በየትኛው ቀን?

የ1939ኙ የፖላንድ መዝገብ ይህን ይመስላል። ቃል የተገባው፦ በሜይ 1939 በተደረሰው ወታደራዊ ስምምነት መሠረት ፈረንሳይ ክተት ካወጀች በ15ኛው ቀን በዋና ጦሯ ጀርመንን ልታጠቃ። የተጠበቀው፦ ፖላንድ እስከዚያ ድረስ ጦሯ ሳይደመሰስ ከቆየች ምዕራቡ ጫናውን ያነሣላታል። የደረሰው፦ ከሴፕቴምበር 7 ጀምሮ በጀርመን ድንበር በዛር አካባቢ የጥቂት ኪሎ ሜትሮች ግስጋሴ፤ ሴፕቴምበር 12 እንግሊዝና ፈረንሳይ አብቪል ላይ ተሰብስበው ማጥቃቱ እንዲቆም ወሰኑ። 15ኛው ቀን ሲደርስ፣ በሴፕቴምበር 17፣ ሶቪየት ኅብረት ከምሥራቅ ገባች። ስምምነቱ የተንጠለጠለበት የፖለቲካ ሰነድ ራሱ የተፈረመው ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ ሴፕቴምበር 4 ነው። ያልጸና ሰነድ ላይ የቆመ ዕቅድ ነበር ማለት ነው።

በጣም ጥንታዊው ምሳሌ የቁጥርን ጥቅም በደንብ ያሳያል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ415 የሲሲሊዋ ከተማ ሴጌስታ አቴናን ለጦርነት ስትጠራ ወጪውን እኔ እችላለሁ አለች። የአቴና መልእክተኞች ቤት ለቤት ሲጋበዙ በየገበታው የወርቅና የብር ዋንጫ አዩ፤ ዕቃው ግን ከአጎራባች ከተሞች ጭምር የተዋሰና ከቤት ወደ ቤት የሚዞር ነበር። መልእክተኞቹ 60 ታለንት (የጥንት የክብደት መለኪያ) ብር ይዘው ተመለሱ፤ መርከቦቹ ጣልያን ሲደርሱ ግን በሴጌስታ የቀረው ገንዘብ 30 ታለንት ብቻ ሆኖ ተገኘ። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለው አባባል ለዚህ የተተረተ ይመስላል። ዘመቻው በ413 አልቆ ከመርከቦቹም ከወታደሮቹም የተመለሰው ጥቂት ነው። ለዚያ ጥፋት የ30ው ታለንት ጉድለት ትንሹ ምክንያት ነው፤ ለዘመቻው መጀመር ግን ትልቅ ነበር። መግባትና መሸነፍ የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸውን ያዙ፤ መጨረሻ ላይ ይመጣል።

ሁለተኛውን ዓምድ መሙላት ከባድ ነው፤ የተጠበቀው ነገር ብዙ ጊዜ አይጻፍምና። ከ1914 በፊት የጀርመንና የኦስትሪያ ጠቅላይ ኤታማዦር ሹሞች፣ ሞልትከና ኮንራድ፣ ለዓመታት ደብዳቤ ተጻጽፈዋል፤ እያንዳንዱ ግን ሊሰማ የፈለገውን ሰማ። ጀርመን ፈረንሳይን እስክትጨርስ ኦስትሪያ ሩስያን ትይዝልኛለች አለች። ኮንራድ ጀርመን ከምሥራቅ ፕሩስያ ወርዳ ታግዘኛለች አለ። ጦርነቱ ሲጀመር ኮንራድ ሁለተኛ ጦሩን መጀመሪያ ወደ ሰርቢያ ላከ፤ ከዚያ ከሩስያ ጋር ወደምትዋሰነው የኦስትሪያ ግዛት ወደ ጋሊሲያ አዞረው። ባቡር ላይ ሆኖ ለሁለቱም ግንባር በወቅቱ ሳይደርስ ቀረ፤ የጋሊሲያ ዋና ከተማ ሌምበርግም በሴፕቴምበር መጀመሪያ በሩስያ እጅ ወደቀች። እንዲህ ያለውን ለማግኘት የባቡር ሰሌዳና የምደባ ትእዛዝ ከንግግር ይበልጣል።

ጉዳቱ በየት በኩል ገባ?

መዝገቡ ክፍተት ካሳየ ቀጣዩ ሥራ ክፍተቱ ወደ ውጊያ ሜዳ የወረደበትን መንገድ መከታተል ነው። መንገዶቹ ብዙ አይደሉም።

አንዱ ሸክም ነው። ጣልያን በኦክቶበር 1940 ጀርመንን ሳታማክር ግሪክን ወጋች፤ ተመትታ ወደ አልባኒያ ተመለሰች። ጀርመን በኤፕሪል 1941 ባልካን ለመግባት ተገደደች፤ ከዚያ ቀደም ብሎ በፌብሩዋሪ ወደ ሊቢያም ጦር ልካለች። ሩማንያ በኦገስት 1916 ወደ ጦርነቱ ስትገባ ለሩስያ ያደረገችው ተመሳሳይ ነው፤ ቡካሬስት በዲሴምበር ወደቀችና ሩስያ የምትጠብቀው ግንባር እስከ ጥቁር ባሕር ረዘመባት።

ሌላው የዕዝ መለያየት ነው። በ1916 የጀርመኑ ፋልከንሃይን በቬርደን፣ የኦስትሪያው ኮንራድ በጣልያን ግንባር ለማጥቃት ሲዘጋጁ አንዱ ለሌላው በወጉ አላሳወቀም። ኮንራድ ለሜይ 15ቱ ማጥቃት ከምሥራቅ ግንባር የተሻሉ ክፍለ ጦሮችን አነሣ። ጁን 4 የሩስያው ጄኔራል ብሩሲሎቭ ሲያጠቃ የገባው በሳሳው መስመር ነው።

የተሳሳተ ወሬም ጦር ያህል ይጎዳል። ዮርዳኖስ ሜይ 30፣ 1967 ከግብፅ ጋር ተፈራርማ ጦሯን በግብፃዊ ጄኔራል ሥር አደረገች። ጁን 5 ጠዋት ከካይሮ የደረሳት መልእክት ከእስራኤል አውሮፕላኖች ሦስት አራተኛው ወድሟል የሚል ነበር። በዚያች ሰዓት መሬት ላይ እየወደመ የነበረው የግብፅ አየር ኃይል ነው። ዮርዳኖስ በዚህ ወሬ ተኩስ ከፈተች፤ በሁለት ቀን ውስጥ ምሥራቅ ኢየሩሳሌምን አጣች፤ ምዕራብ ዳርቻውም ተከተለ።

ደካማው ክንፍ ግን ረዘም ያለ ምርመራ ይፈልጋል፤ አጋሮች በብዛት የሚሰደቡበት ቦታ ይህ ነውና። በ1942 መጸው ወደ ስታሊንግራድ የዘመተውን የጀርመን ስድስተኛ ጦር በስተ ሰሜን የሚጠብቁት በዶን ወንዝ ላይ የተዘረጉት የሃንጋሪ ሁለተኛ፣ የጣልያን ስምንተኛና የሩማንያ ሦስተኛ ጦሮች ነበሩ። ሃንጋሪና ሩማንያ በትራንሲልቫኒያ ግዛት የይገባኛል ጠብ ምክንያት እርስ በርስ እንዳይታኮሱ ጣልያኖቹ መሐል ተደርገዋል፤ አጋር የተባሉት እነዚህ ናቸው። ኖቬምበር 19 የሶቪየት ጦር የሩማንያን ሦስተኛ ጦር፣ በማግስቱ ከደቡብ አራተኛውን መታ። ኖቬምበር 23 ካላች አጠገብ ቀለበቱ ተዘጋ። ፌብሩዋሪ 2፣ 1943 ውጊያው ሲያበቃ ወደ 91,000 ያህል የተማረኩ ወታደሮች ነበሩ።

እዚህ ጋ «ሩማንያውያን ሸሹ» ብሎ የሚያቆም መርማሪ ግማሹን እንኳ አልሠራም። የክፍለ ጦሩን የግንባር ስፋት ለኩ፤ አንዱ ክፍለ ጦር እስከ 20 ኪሎ ሜትር ይጠብቅ ነበር። ጸረ ታንክ መድፉን እዩ፤ አብዛኛው በፈረስ የሚጎተት አነስተኛ መድፍ ነው፤ የሶቪየቱን ቲ-34 ታንክ ብረት የሚበሳው 75 ሚሊ ሜትሩ በክፍለ ጦር ከጥቂት አይበልጥም። አዛዡ ጄኔራል ዱሚትሬስኩ ሶቪየቶች ከወንዙ በዚህ ማዶ የያዟቸው ድልድይ ግንባሮች እንዲጸዱ ቀድሞ ጠይቆ ነበር፤ ለዚያ የሚሆን ጦር አልተሰጠውም። በጀርባ ተጠባባቂ የነበረው የጀርመን 22ኛ የታንክ ክፍለ ጦር ደግሞ ነዳጅ በማጣት ታንኮቹን በገለባ ሸፍኖ አቁሟቸው ስለከረመ አይጥ ሽቦአቸውን በልቶ ብዙዎቹ አልነሣም አሉ። መዝገቡ ሲዘጋ ጉድለቱ የሩማንያ ብቻ አይደለም። አጋሩን ያለ መሣሪያ ሰፊ ግንባር ላይ አስቀምጦ ጀርባውን ለእርሱ የሰጠው ዋናው አገር ነው።

የቀረው ጥገኝነት ነው። እዚህ ላይ የሚለካው አጋሩ መርዳቱን ሲያቆም ጦሩ ምን ያህል ጊዜ ሊዋጋ ይችላል የሚለው ነው። የደቡብ ቬትናም ጦር በአሜሪካ አምሳያ የተሠራ፣ ብዙ ጥይት፣ ብዙ ነዳጅና ብዙ የአየር ድጋፍ የሚፈልግ ጦር ነበር። ከጃንዋሪ 1973ቱ የፓሪስ ስምምነት በኋላ እርዳታው እየተቀነሰ ሄደ፤ ለ1975 በጀት ዓመት ኮንግረሱ የፈቀደው 700 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነው። እርዳታን በዶላር ብቻ አትመዝግቡ። ከ1973 መጨረሻ ጀምሮ ነዳጅ በዓለም ገበያ ስለተወደደ ያው ዶላር የሚገዛው ሊትር ቀንሷል፤ ስለዚህ ወደ ጥይትና ወደ ሊትር ለውጡት። በአፍጋኒስታን በ2021 የአየር ኃይሉን የሚጠግኑት የውጭ ኮንትራክተሮች ሲወጡ አውሮፕላኑ ቀረ፣ የሚያበረው ጥገና ግን አብሮ ሄደ።

ጥገኝነት ሁልጊዜ ሽንፈት ያመጣል ማለት ግን አይደለም። ሶማልያ በ1974 ከሶቪየት ኅብረት ጋር የወዳጅነት ውል ፈርማ ጦሯን በሶቪየት መሣሪያ ገንብታ ነበር። ኖቬምበር 13፣ 1977 ውሉን ሰርዛ አማካሪዎቹን አባረረች። መለዋወጫውና ጥይቱ ተቋረጠ፤ ያው አቅራቢ መሣሪያውን በአየር ወደ ኢትዮጵያ አጎረፈ፤ የኩባ ወታደሮችም መጡ። ማርች 5፣ 1978 ጅጅጋ ነጻ ወጣች። በዚያው 1977 ኢትዮጵያም የቆየ አቅራቢዋን አሜሪካን አጥታለች። ሁለቱም አጋር ለወጡ፤ አንደኛዋ ምትክ አገኘች፣ ሌላኛዋ አላገኘችም። ሁለት ጎን ለጎን የሚቆሙ ጉዳዮች ሲገኙ ከማንኛውም ንድፈ ሐሳብ የተሻለ ያስተምራሉ።

ቀንሶ መፈተን

አሁን አጋሩን ከስሌቱ አውጡና እንደገና አስቡ። በሁለት መንገድ መቀነስ ይገባል፦ አጋሩ ገለልተኛ ቢሆን፣ አጋሩ ቃሉን ሙሉ ለሙሉ ቢፈጽም። በሁለቱም ስሌት ሽንፈቱ የማይቀር ከሆነ የጥምረቱ ድርሻ አነስተኛ ነው።

በዚህ ደረጃ በጣም የተለመደው ወጥመድ የጀርመን ወደ ሩስያ መዝመት በባልካን ምክንያት ዘገየ የሚለው ነው። የመጀመሪያው ቀን ሜይ 15 ነበር፤ የተጀመረው ጁን 22፣ 1941 ነው። በመሐሉ ባልካን አለ። ግን በዚያ ጸደይ ወንዞቹ ሞልተው መሬቱ ጭቃ ነበር፤ የተሽከርካሪ ዝግጅትም አልተጠናቀቀም። የሙሶሊኒ ግሪክ መግባት ሞስኮን አዳነ ብሎ በእርግጠኝነት የሚጽፍ ሰው ከቀን መከታተል ምክንያትን ፈልቅቆ ወስዷል።

ሌላው ፈተና አሸናፊውን ወገን ማየት ነው። እንግሊዝና ፈረንሳይ ለፈረንሳዩ ጄኔራል ፎሽ የጋራ ማስተባበር ሥልጣን የሰጡት የጀርመን ማጥቃት ማርች 21፣ 1918 ከተጀመረ በኋላ፣ ማርች 26 ነው፤ እስከዚያ ሦስት ዓመት ተኩል ተለያይተው ተዋግተዋል። ያ ሕመም አላሸነፋቸውም። አሸናፊው ጋ ያለ ጉድለት ተሸናፊውን ገደለው ለማለት ተጨማሪ ማስረጃ ያስፈልጋል።

የተሸናፊ ጄኔራሎች ማስታወሻም በጥንቃቄ ይነበብ። ከጦርነቱ በኋላ የጻፈ አዛዥ የሚከሰው ሰው ይፈልጋል፤ ቋንቋውን የማይናገር አጋር ደግሞ ለዚህ ይመቻል። ማስታወሻውን በዚያን ጊዜ ከወጣ ትእዛዝና ከዕለት ሪፖርት ጋር አነጻጽሩ።

አንድ ጉዳይ እስከ መጨረሻው፦ ፔሩ 1879

ፔሩና ቦሊቪያ በፌብሩዋሪ 1873 ምስጢራዊ የመከላከያ ውል ፈረሙ። በ1878 ቦሊቪያ በአንቶፋጋስታ ናይትሬት በሚያወጣ የቺሊ ኩባንያ ላይ በኩንታል የ10 ሳንቲም ቀረጥ ጣለች፤ ይህ በ1874 ከቺሊ ጋር የገባችውን ውል የሚጻረር ነበር። ቺሊ ፌብሩዋሪ 14፣ 1879 አንቶፋጋስታን ያዘች። ፔሩ ልታስታርቅ መልእክተኛ ላከች፤ ቺሊ ግን ምስጢራዊውን ውል አንሥታ ገለልተኝነቷን እንድታውጅ ጠየቀቻት። አላወጀችም። ኤፕሪል 5 ቺሊ በሁለቱም ላይ ጦርነት አወጀች።

ውሉ ሲነበብ ግዴታው መነሣቱን እያንዳንዱ ወገን ለራሱ እንዲወስን ይፈቅዳል። ፔሩ መውጫ በር ነበራት። ያልወጣችው ቦሊቪያን ለብቻዋ ብትተዋት ከቺሊ ጋር ተስማምታ ትዞርብኛለች ብላ ስለሰጋች ነው። የተጠበቀው ዓምድ ውስጥ አርጀንቲናም አለች፤ ሦስተኛ ሆና ትገባለች ተብሎ ነበር፤ ሴኔቷ ሳያጸድቀው ቀረ። ቦሊቪያ ወታደር እንጂ የጦር መርከብ አልነበራትም፤ በበረሃ ዳርቻ የሚደረግ ጦርነት ደግሞ በባሕር የሚወሰን ነው።

የተሰበረበት ቀን? ፔሩ ከብረት ለበስ የጦር መርከቦቿ ሜይ 21 «ኢንዴፔንደንሲያ»ን በዓለት ላይ፣ ኦክቶበር 8 በአንጋሞስ «ዋስካር»ን አጣች። ከዚያ ቺሊ በፈለገችበት ወደብ ጦር ታወርድ ጀመር። የቦሊቪያው ፕሬዚዳንት ዳሳ በኖቬምበር ከካማሮኔስ ጦሩን መልሶ የፔሩን ጦር ብቻውን የተወው ከዚህ በኋላ ነው። ሜይ 26፣ 1880 በታክና ሁለቱ አብረው ተሸነፉ፤ ቦሊቪያ ከሜዳው ወጣች። ፔሩ ብቻዋን ቀጠለች፤ ሊማ በጃንዋሪ 1881 ተያዘች፤ በ1883ቱ የአንኮን ውል ታራፓካን አጣች።

ግኝቱን ስትጽፉ «ወሳኝ»፣ «አፋጣኝ» እና «አባባሽ» የሚሉትን ለይታችሁ ተጠቀሙ፤ አንዱን ቃል ለሁሉም አታድርጉት። በፔሩ ጉዳይ ጽሑፉ እንዲህ ይወጣል፦ ፔሩ ወደ ጦርነቱ ለመግባቷ ጥምረቱ ወሳኝ ነበር፤ በባሕር ለመሸነፏ ድርሻ የለውም፤ የዳሳ ወደ ኋላ መመለስ የደቡቡን ግንባር ውድቀት አፋጠነ፤ የቦሊቪያ ከታክና በኋላ መውጣት ደግሞ የፔሩን ዋጋ አባባሰ።